ባንዲራውን ያወረደ እጅ

ልብስ ሰፊው መንግሥቴ ቅዳሜ ማለዳ ሞቶ ሲገኝ ግንባሩን ስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ገና ጨርቅ እንደሚያስተካክል ሰው ከመርፌው ሥር ዘርግቶ ነበር። ማጅራቱን ከኋላ የመታው የራሱ የከሰል ካውያ ነው። ካውያው ግን ወለል ላይ አልተጣለም። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ዳር፣ ከየዕለት ቦታው ተመልሶ ተቀምጧል። የፈሰሰውን አመድና በመኪናው እግር ሥር የረጋውን ደም ያላየ ሰው፣ ባለሙያውን ድካም የጣለው ይመስለው ነበር።

የወረታ ከተማ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ደፉ ላይ ቆማ ብዙ ቆየች። የቅኔ መምህር ልጅ ናት። አባቷ ተማሪ ሲቸኩልባቸው «ቃሉ አይሸሽህም፤ ተቀመጥ» ይሉ ነበርና፣ እሷም በሬሳ ፊት መቸኮል አትወድም።

«ካውያውን ወደ ቦታው የመለሰ ገዳይ አይቼ አላውቅም» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን ታደለ።

«ሥርዓት የለመደ እጅ ነው» አለች። «ሟቹስ? ሲመታ ዘወር ያለ ይመስልሃል?»

«አልዞረም። እየሰፋ ነው የተመታው።»

ሱቁ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ የክልሎች ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ጽጌሬዳ ለበዓሉ ያዘዘቻቸው ናቸው። እሷም ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር።

«የአገሪቱ ባንዲራ በመሐል ከፍ ብሎ፣ የአሥራ ሁለቱ ክልሎች ደግሞ ግራና ቀኝ ሊሰለፉ ነበር» አለች። «ተማሪዎቹ ‹አገራችን ከእነማን ተመሠረተች› ለሚለው መልሱን በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ ነው።»

«እስኪ ቁጠሪያቸው።»

ጽጌሬዳ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «አሥራ አንድ ናቸው። የትግራይ የለም።»

«ሰፍቶት ነበር?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ዘርግቶ አሳይቶኛል። ከእኛው ከአማራው ጋር ጎን ለጎን። ሁለቱም ቀይና ቢጫ አይደሉም? ‹ከአንድ ጣቃ ነው የቆረጥኋቸው፤ ጨርቁ አይጣላም› ብሎኝ ነበር። ክልል ሲወለድ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ ይል ነበር። ክልሎች ሲመሠረቱ ለወረዳው የመጀመሪያውን ባንዲራ የሰፋ እሱ ነው። ደቡብ ሲከፋፈልም አዳዲሶቹን እሱ።»

ሰብለ ወንጌል ወደ ገመዱ ቀረበች። የቀሩት አሥራ አንዱ አልተዛነፉም። በመሐላቸው የአንድ ባንዲራ ያህል ባዶ ቦታ ብቻ አለ።

ከውጭ የሚሰማው ለቅሶ ድንገት ወደ ጫጫታ ተለወጠ። ታደለ ወጥቶ ተመለሰ።

«የሟቹ ወንድም ነው። የኋላሸት። ከነጠመንጃው።»

የኋላሸት ከከተማው ወጣ ብሎ ሩዝ የሚያርስ ገበሬ ነው። ከሩዝ ማሳ የወጣበት ጭቃ እስከ ጉልበቱ ደርቆበታል። ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም፤ አላለቀሰምም።

«ገዳዩን ይዛችኋል አሉ» አለ።

«ሰው ይዘናል። ገዳይ መሆኑን ገና አላወቅንም።»

«እኔ አውቄያለሁ። ሐሙስ ዕለት ወንድሜን በባንዲራ ምክንያት የሰደበው ዘመኑ አይደለም? ትናንት ማታስ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንገቱን ደፍቶ ሲከንፍ በዓይኔ አላየሁትም? ሩዝ ላስፈለፍል መጥቼ ነበር፤ እጁን ይዤ ባስቆመው ኖሮ። እቴ፣ አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ አልነካሽም። ሬሳው ከደብረ ታቦር ምርመራ ተመልሶ ነገ ይቀበራል። ከቀብሩ በፊት ሕግ ገዳዩን ያሳየኝ። ካላሳየኝ ግን ያ ልጅ የት እንደሚታሰር አውቃለሁ፤ ሲፈታም የት እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«ዘመኑ ባይሆንስ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አላትና ከወንድሙ ሚስት ከገላነሽ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰብለ ወንጌል ይህን ዓይነት ሰው ታውቃለች። ዛቻ አይደለም የተናገረው። የነገ ሥራውን ነው የነገራት።

* * *

ከመንግሥቴ ሱቅ ጋር ግድግዳ የምትጋራው አምሳል ሻይ ቤት አላት። ዓይኗ ቢያብጥም ምላሷ አልደከመም።

«ሐሙስ ምን ነበር የተባባሉት?» ሰብለ ወንጌል ጠየቀቻት።

«ዘመኑ እዚህ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ከሚሠራበት የሩዝ ወፍጮ መጥቶ። ‹አንዱን ባንዲራ አሥራ ሁለት ቦታ ቀደድኸው› አለው። መንግሥቴ መች ይናደድና። የአገሩን ባንዲራ አንሥቶ ‹ና ንካው› አለው። ‹አረንጓዴው ለብቻው ጣቃ ነበር፤ ቢጫውም፣ ቀዩም። አንድ ያደረጋቸው ስፌቱ ነው። ስፌት ያለበት ሁሉ የተቀደደ ከመሰለህ ሱሪህንም አውልቅ› አይለው መሰለሽ? ሰፈሩ በሣቅ ፈረሰ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ‹እኔ ኮከብ ያለበትን ባንዲራ በእጄ አልነካም› ብሎ ሄደ።»

«ትናንት ማታስ?»

«እሳት ላቀጣጥል ጓዳ ገባሁ። መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ከዚያ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ባንዲራው መውረድ ጀመረ፤ ወጥቼ ቆምሁ። እኛ መንደር ባንዲራ ሲወርድ ሁሉ ይቆማል። ባጃጁም ይቆማል፣ ሽንኩርት የጫነው ጋሪም ይቆማል። ፊታችን ወደ ትምህርት ቤቱ ነው።»

«መንግሥቴስ?»

«እሱ ሁልጊዜ መኪናውን አቁሞ ደፉ ላይ ይቆም ነበር። ትናንት አልወጣም። ሲወርድም ሲጨርስም ዞር ብዬ አየሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሥራ በዝቶበት ነው አልሁ፤ ገላነሽም ሳይመጣ ሲያድር እንዲሁ አለች።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ሥራ በዝቶበት።»

«ጓሮ በር አለው?»

«አለው። ወደ ቦዩ ያስወጣል።»

«ወደ ማታ ላይ ማን ገባ ከእሱ ዘንድ?»

«እንግዳ አላየሁም።»

«የሰፈር ሰውስ?»

«የሰፈር ሰው ሲወጣ ሲገባ ማን ያያል?»

ሰብለ ወንጌል ፈገግ አለች፤ የዕለቱ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ፈገግታ ነበረች። «ባንዲራውን ያወረደው ማን ነው?»

«ይኸ ደግሞ ጥያቄ ነው? ጥበቃው አድማሴ ነዋ። ስንት ዘመኑ ነው ከዚያ ገመድ ጋር።»

«አየሽው?»

«ሲወርድ አየሁት አልሁሽ እኮ።»

ሰብለ ወንጌል ከሻይ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ መንገዱን ተሻግራ ተመለከተች። የትምህርት ቤቱ አጥር የድንጋይ ግንብ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከግንቡ በላይ የሚታየው የሰንደቁ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነበር።

* * *

ዘመኑ የታሰረበት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ማለዳ ከቤቱ ያወጡት የሰፈር ሰዎች ከንፈሩን ሰንጥቀውታል። ከትናንት ጀምሮ ልብሱን ስላልቀየረ ጸጉሩም፣ ቅንድቡም፣ የጃኬቱ ስፌትም የሩዝ ዕብቅ እንደለበሰ ነው።

«የት ነበርህ?» አለችው።

«አንዴ ተናግሬያለሁ። ሣቃችሁብኝ።»

«እኔ አልነበርሁም። ለእኔ ንገረኝ።»

ታደለ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ። «ባንዲራውን ያወረድሁት እኔ ነኝ ነው የሚለው፤ ኮከብ ያለበትን አልነካም ያለው ልጅ። ለውሸት እንኳ የተሻለ ጠፋ?»

«ታደለ፣ ውኃ አምጣለት።»

ሳጅኑ ሲወጣ ዘመኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። «ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ነው። ሥራ ጨርሼ በጓሮው በር አቋርጬ ልወጣ ስል ጀምበር እየጠለቀች ባንዲራው አልወረደም። ጋሽ አድማሴን ተጣራሁ፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ጥዬ ልሄድ ነበር።»

«ለምን አልሄድህም?»

«እንጃ። ክርክሩ ሌላ ነው፤ ባንዲራ ውጭ ማሳደር ሌላ ነው። አባቴ በዚያ ገመድ ፊት ቆሞ ነው ያደገ። ፈትቼ አወረድሁት። ዝናብ ስለመታው ከብዷል። ለብቻዬ ስሰበስበው አንድ ጫፉ ጭቃ ነካ።»

«እንዴት አጠፍኸው?»

«እንዴት እንደሚታጠፍ መች አውቃለሁ? እንደ ጋቢ፣ አራት እጥፍ አድርጌ። ከዚያ አልጋው ላይ አኑሬለት ወጣሁ።»

«ለምን ሮጥህ?»

«ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ነዋ። ‹ኮከቡን ሳምኸው ወይ› እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሊጫወቱብኝ?» ፊቱን አዞረ። «አሁን እውነቱን ብናገር አድማሴ ‹እኔ ነኝ ያወረድሁት› አለ። መንደሩም አይተነዋል አለ። እኔ ነኝ ውሸታሙ። የኋላሸት ውጭ ነው ያለው አይደል?»

«ነው።»

«ጥሩ ሰው ነው። ተኩሶ አይስትም» አለ ዘመኑ።

* * *

የጥበቃው ቤት ከሰንደቁ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። አድማሴ በር ላይ ሆነው ተቀበሏት። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ የቀድሞ ወታደር ናቸው። አልጋው ያለ አንድ መጨማደድ ተነጥፏል። ጫማዎቹ አፋቸውን ወደ በር አድርገው ተሰልፈዋል። ከአልጋው በላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ በጥቁር ጥብጣብ ተከቧል።

«ልጅዎ ነው?»

«ማርቆስ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በላው።» ከዚህ ሌላ አልጨመሩም።

«እግዜር ያጽናዎት። ሥራዬ ሆኖ ነው፣ ጋሼ፤ የዓርብ ማታውን ይንገሩኝ።»

«ምን አለው የሚነገር? እንደ ሁልጊዜው አወረድሁ፣ አጠፍሁ፣ ቆለፍሁ።»

«መሬት ነክቶብዎት ያውቃል?»

ሽማግሌው ስድብ እንደሰማ ሰው አዩዋት። «ልጄ፣ ከሠራዊት ከወጣሁ ጀምሮ ገመዱ በእጄ ነው። የማርቆስ መርዶ በመጣ ቀንም በሰዓቱ ነው ያወረድሁት። አልነካም።»

«እንዴት ነው የሚያጥፉት?»

«በርዝመቱ ሦስት ጊዜ፣ አረንጓዴው ብቻ እንዲታይ፤ ከዚያ ከጫፍ እየጠቀለልሁ።» በባዶ እጃቸው አሳዩአት። ጣቶቻቸው ባዶ አየር ሲያጥፉ እንኳ ስሕተት አልነበረባቸውም።

«ዓርብም እንዲሁ አጠፉት?»

«እንዲሁ።»

«አሁን የት አለ?»

አድማሴ ከአልጋው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን በእግራቸው ጠቆሙ። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከዚያ ወዲህ ዘርግተውታል?»

«ጀምበር ከጠለቀች ባንዲራ አይዘረጋም። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ አይሰቀልም። ለምን እዘረጋዋለሁ?»

ሰብለ ወንጌል ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሣ ጠየቀች። «ሰኞ የክልሎቹንም የሚሰቅሉት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አለ?» አሉ። ቀኝ እጃቸው ግን ማተባቸው ላይ ወጥቶ ቁልፉን ጨበጠ።

ከግቢው ሲወጡ ታደለ «ሣጥኑን ለምን አላስከፈትሽም?» አላት።

«ለእኔና ለአንተ ቢከፈት ምን ይጠቅማል? እኛ ያየነው የየኋላሸትን ጠመንጃ አያወርደውም። እሱ ራሱ ማየት አለበት። ከሣጥኑ አጠገብ አንድ ፖሊስ ይቁም። ሁሉንም ወደዚህ ጥራ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ።»

* * *

ወደ ማታ ላይ ደመናው ተገፎ በፎገራ ሜዳ ላይ የደረሰው ሩዝ እስከ ጣና ድረስ ቢጫ ሆኖ ተኝቶ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሰንደቁ ሥር ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ገላነሽ ከል ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የኋላሸት ከኋላዋ ቆሟል፤ ጠመንጃው አሁንም ትከሻው ላይ ነው። ጽጌሬዳና አምሳል ጎን ለጎን፣ አድማሴ ከቤታቸው በር ላይ። ዘመኑን ታደለ በካቴና ይዞት መጣ። የኋላሸት ሲያየው የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጠ።

«ሁላችሁንም የጠራሁት ነገሩ በሹክሹክታ እንዳይቀር ነው» አለች ሰብለ ወንጌል። «መንግሥቴ በባንዲራ ምክንያት ተገደለ ተብሏል። እውነት ነው። ግን የትኛው ባንዲራ? ዘመኑ የተጣላው ከአሥራ ሁለቱም ጋር ነበር። እሱ ቢሆን ሁሉንም ይቀዳድድ ነበር። ገዳዩ ግን አሥራ አንዱን ሳያዛንፍ አንዱን ብቻ አወጣ። የትግራይን።»

«ለማሳሳት ሊሆን ይችላል» አለ የኋላሸት።

«ይችላል። እንቀጥል። ወንድምህ ሲመታ አልዞረም። ሐሙስ ሰፈር ያሣቀበት ልጅ ከኋላው መጥቶ ሲቆም፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሰፋ ሰው ታውቃለህ?»

የኋላሸት ዘመኑን ዳግመኛ አየው።

«ከኋላው የቆመው የሚያምነው ሰው ነው። ከዚያ ያ ሰው ካውያውን ከቦታው መለሰ። ሊደብቀው አይደለም፤ ዕቃ ከቦታው ውጭ ሲሆን እጁ ስለማያርፍለት ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ። አምሳል፣ መኪናው ዝም ካለ በኋላ ምን ሆነ?»

«ባንዲራው ወረደ። ብዙም አልቆየ።»

«መንግሥቴም አልወጣም። ዕድሜ ልኩን ለዚህ ባንዲራ መኪናውን ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ባንዲራው ሲወርድ መንግሥቴ ሞቶ ነበር፤ ገዳዩም ገና ከሱቁ አልራቀም፤ በጓሮ በር ቢወጣም ወደዚህ ግቢ ለመድረስ በቦዩ ዞሮ ብዙ መሄድ አለበት። ስለዚህ ባንዲራውን ያወረደ ሰው መንግሥቴን አልገደለም። አስቸጋሪው ነገር ሁለት ሰዎች ‹ያወረድሁት እኔ ነኝ› ማለታቸው ነው።»

«ምኑ ያስቸግራል?» አለች አምሳል። «ጋሽ አድማሴን ሁላችንም አይተናቸዋል።»

«ምናቸውን አየሽ?»

አምሳል አፏን ከፈተች። ወደ ግንቡ ዞረች። ከዚህ ከውስጥ በኩል ሲታይ ግንቡ ይበልጥ ረጅም ነው። «ባንዲራውን» አለች ቀስ ብላ። «ያየነው ባንዲራውን ነው።»

«ባንዲራው ሲወርድ አያችሁ፤ እጁን ከልማድ ጨመራችሁበት። ጋሽ አድማሴ፣ ሣጥኑን ያምጡልን።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም።

«ጀምበር ገና አለች፣ ጋሼ። ቢዘረጋ ነውር የለውም።»

አድማሴ ገብተው ሣጥኑን ተሸክመው ወጡ። ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወርዱ ማተቡ ተጠላልፎባቸው ቆዩ። ክዳኑ ሲከፈት ባንዲራው አልተጠቀለለም ነበር። እንደ ጋቢ፣ አራት እጥፍ ሆኖ ቀዩ ከላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

ጽጌሬዳ «ይኸ የእርስዎ እጅ አይደለም» አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ያዢልኝ» አለቻት ሰብለ ወንጌል። ሁለቱ ሴቶች አራቱን ጫፍ ይዘው ዘረጉት። በእጥፉ መሐል የተያዘ የሩዝ ዕብቅ ጨርቁ ላይ ተንከባልሎ ወደ መሬት ረገፈ። በአረንጓዴው ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ።

የኋላሸት ወደፊት ተራምዶ ዕብቁን በጣቱ አነሣ። የሩዝ ገበሬ ነው፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚያ ዓይኑን ወደ ዘመኑ ጸጉር አነሣ።

«ዓርብ ማታ በመንገዱ ላይ የቆማችሁ ሁሉ» አለች ሰብለ ወንጌል፣ «ለዚህ ልጅ ምስክሮቹ ነበራችሁ። እሱ ሲያወርድ ነው ቆማችሁ ያያችሁት። ጋሽ አድማሴ ሲመለሱ ባንዲራው ወርዶ አልጋቸው ላይ አገኙት። ማን እንዳወረደው አላወቁም፤ ግን መንደሩ እርሳቸው ናቸው እንደሚል አወቁ። ጠቅልለው ቢመልሱት ኖሮ እኔ ዛሬ ምንም አልነበረኝም።»

«ለምን አልጠቀለሉትም?» ታደለ ጠየቀ።

መልሱን የሰጡት አድማሴ ናቸው። «ጨልሞ ነበር» አሉ። «በጨለማ ባንዲራ አይዘረጋም። ነግቶ ልዘረጋው ስል ጩኸቱ ተነሣ።»

ገላነሽ ከወንበሯ ተነሣች። «አያ አድማሴ» አለች። «ማርቆስን ክርስትና ያነሣላችሁ መንግሥቴ አይደለም ወይ? መርዶው የመጣ ለት ከእናንተ ቤት ሰባት ቀን አልተቀመጠም?»

ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው፣ ቀጥ ብለው፣ ከፊቷ ቆሙ።

«ልለምነው ነው የሄድሁት» አሉ። «ሌሎቹን ሁሉ እሰቅላለሁ፤ ያንን ብቻ ሰኞ በእጄ አታሰቅለኝ፤ አልሰፋሁም በላቸው አልሁት። እየሰፋ ነበር። ‹አያ አድማሴ፣ አንድ ጥርስ የጎደለው አፍ ሲሥቅ ያስታውቃል› አለኝ። ይኸንንም ቻልሁት። ቀጥሎ ግን ‹ማርቆስ የሞተው ይኸ ባንዲራ ከእኛ ጋር እንዲሰለፍ አይደለም ወይ?› አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ልጄ ለዚያ ከሞተ፣ እኔ ያን ገመድ መሳብ ነበረብኝ። አልችልም። ካውያው ከእጄ አጠገብ ነበር።»

ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ታች ሰደዱ። ከአሮጌ የወታደር ካፖርት ሥር በርዝመቱ ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ ከጫፍ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ አወጡ፤ ቢጫው በዳሩ ይታያል። ለጽጌሬዳ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ላቃጥለው ነበር» አሉ። «ባንዲራ ነው፤ አይቃጠልም።»

ጠመንጃው ሲቀባበል በዚያን ጊዜ ተሰማ። የኋላሸት አፈሙዙን የሽማግሌው ደረት ላይ አንሥቷል። ታደለ ወደ ሽጉጡ እጁን ሰደደ።

«በሕግ አምላክ፣ የኋላሸት» አለች ሰብለ ወንጌል። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ተወው ይተኩስ» አሉ አድማሴ። «ለደሙ የምከፍለው ልጅ እንደሆነ የለኝም። እኔው ነኝ ያለሁት።»

የኋላሸት ጣት ምላጩ ላይ ነው። ፊቱ ላይ ላብ ወርዷል። ገላነሽ ናት የቀረበችው። አፈሙዙን በመዳፏ ሸፈነች።

«ነገ ወንድምህን ተሸክመህ ትቀብራለህ» አለችው። «ታስረህ አይደለም፤ ተሸክመህ። ከወንድ የቀረኝ አንተ ነህ። ሁለታችሁንም በአንድ ሳምንት አላጣም።»

ለረጅም ጊዜ ሁለቱም እንደዚያው ቆሙ። ከዚያ የኋላሸት ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ለሰብለ ወንጌል አስረከባት። ታደለ ካቴናውን ከዘመኑ እጅ ፈትቶ በአድማሴ እጅ አሠረው። ሽማግሌው እጃቸውን ራሳቸው አቀረቡለት። ከግቢው ሲወጡ ወደ ሰንደቁ አልዞሩም።

ዘመኑ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ብቻውን መሐል ላይ ቀረ። አምሳል ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ጽጌሬዳም ዓይኗን ሰበረች። ማለዳ ላይ እሱን ከቤቱ ካወጡት ሰዎች ሁለቱ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ አሁን የሉም።

የኋላሸት ከግንቡ ሥር ሄዶ ጎንበስ አለ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ገባው። ከባድ ጥቁር ድንጋይ መርጦ አነሣ፤ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠው፤ በሁለት እጁ ደግፎ ከዘመኑ ፊት መጥቶ አጎነበሰ።

«ልገድልህ ነበር» አለ ወደ መሬት እያየ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ።»

እንደ ደንቡ ከሆነ የተበደለው ሰው ድንጋዩን ከአንገቱ አውርዶ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። ዘመኑ እጁን ወደ ድንጋዩ ሰደደ። ነካው። ከዚያ እጁን መለሰ።

«አታውርደው» አለ። የተሰነጠቀ ከንፈሩ ዳግም ደም አወጣ። «እኔ ይቅር የምልበት ጉልበት ዛሬ የለኝም። እናቴ ከማለዳ ጀምሮ የሬሳዬን መምጣት ትጠብቃለች። እሷ ዘንድ ድረስ ተሸክመኸው ና፤ እሷ ታውርድልህ።»

ሰብለ ወንጌል ጠመንጃውን እንደያዘች በሩን ለቀቀችላቸው። ዘመኑ በሩዙ መሐል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ከፊት ከፊት ሄደ። የኋላሸት ከነድንጋዩ ተከተለው። መንገዱ ገና ረግረግ ስለነበር በየእርምጃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጥ ነበር። ዘመኑ ቀድሞት እየሄደ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየውም፤ ግን እንዳይርቀው እርምጃውን አዘገየ።